ሰዓት ሠሪው እንዳይጠፋ

በማገገሚያ ቤቱ ግቢ ውስጥ «ጠፋ» የሚለው ቃል አንድ ትርጉም ብቻ ነበረው። አጥር ዘሎ፣ ወይም ዘበኛውን «ሲጋራ ልግዛልህ» ብሎ አታሎ፣ ወደ መጠጡ የተመለሰ ሰው «ጠፋ» ይባላል። ሠራተኞቹ ጠዋት ሲገናኙ እንዴት አደርክ፣ እንዴት አደርሽ ከመባባላቸው በፊት «ማን ጠፋ?» ይጠያየቃሉ። ዘበኛው የሚወቀሰው ሰው ሲጠፋበት ነው። ሐኪሙ የሚነጫነጨው ሰው ሲጠፋበት ነው። ወጥ ቤቷ እንኳን አንድ ሰው በጠፋ ቁጥር የተረፈውን ምሳ ለማን ልስጠው እያለች ታማርራለች። ይህን ቃል አለቅጥ ከመልመዷ የተነሳ የሰው ነፍስ ልታስበላ የነበረችው ራዲዮ ናት።

ራዲዮ የእናት የአባቷ ስም አይደለም። አንዴ ከተከፈተች የሚዘጋት ስለሌለ ታካሚዎቹ ያወጡላት ነው። ከጀርባዋ የሚሏት ይመስላቸዋል፤ እሷ ግን ታውቃለች፣ እንዲያውም ትኮራበታለች። «ራዲዮ ባይኖር ዜና ከየት ትሰሙ ነበር?» ትላለች።

ድሮ ፀጉር ሠሪ ነበረች። ሴቶች ጭንቅላታቸውን ለእጇ ሲሰጡ ምስጢራቸውንም አብረው ያስረክቧታል። እሷም ካስክ ሥር አስቀምጣቸው፣ ማሽኑ እየጮኸ፣ ከማሽኑ በላይ እየጮኸች ትመክራለች፤ የአንዷን ገመና ሰፈሩ ሁሉ የሚሰማውም በዚሁ ምክንያት ነበር። በኋላ ታናሽ ወንድሟ በመጠጥ ተበላሸና ማገገሚያ ቤት ገባ። በጠያቂ ቀን እየመጣች ወንድሟን ትመክራለች፤ ከወንድሟ የተረፈውን ምክር ደግሞ ለጎረቤት አልጋ ታድላለች። ዳይሬክተሩ አንድ ቀን በመስኮት ሲያይ ታካሚዎቹ ከበዋት ይስቃሉ። በዚያ ቤት ሳቅ ብርቅ ነበርና ቀጠራት። «ከፀጉር ወደ ጭንቅላት ገባሁ» ትላለች ስለ ሥራ ለውጧ ስትጠየቅ። ወንድሟ ዳነ። ድኖም አስቸገረ፤ ሰርግ ሲጠሩት ብርጭቆ የያዘውን ሁሉ እየዞረ ስለሚገስጽ ዛሬ ሰርግ የሚጠራው ዘመድ አልቀረውም።

ራዲዮ «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» የሚለውን ተረት የያዘችው እንደ ሙያ መመሪያ ነው። ገና መጠጥ አቁሞ የሚንቀጠቀጠውን ሰው ፂሙን ትላጨዋለች፣ እየላጨችውም ትመክረዋለች፤ ምላጩ ጉሮሮው ላይ ስለሆነ የሚከራከራት የለም። ሐቁን ለመናገር ይወዷታል። ሌላው ሠራተኛ አፍንጫውን ይዞ የሚያልፈውን ሰው እሷ አጥባ፣ አልብሳ፣ አስቃ ነው ወደ አልጋው የምትመልሰው። ማዳመጥን በተመለከተ ግን፣ ሰው ሲያወራ ዝም የምትለው ትንፋሽ እስክትስብ ብቻ ነው።

ችግሩ የመጣው ከላይ ነው፤ ችግር መቼም ከታች መጥቶ አያውቅም። የሱስ ሕክምና አማካሪ ተብሎ የሚቀመጥ ሁሉ ሥልጠና ወስዶ፣ ተፈትኖ፣ ምስክር ወረቀት መያዝ አለበት ተባለ። ዳይሬክተሩ ቢሮው ጠራት።

«ካለፍሽ ወንበሩ ያንቺ ነው» አላት ዓይኗን ሳያይ። «ካልሆነ ግን ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሰው ይፈልጋል።»

ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ከአንሶላ በቀር የሚሰማ የለም። ራዲዮን ከዚያ የበለጠ የሚያስፈራት ነገር አልነበረም።

ሥልጠናው የሚሰጠው ከማገገሚያው ብዙም በማይርቅ ፎቅ ላይ፣ ከአንድ የቀለም መሸጫ ሱቅ በላይ ነበር። የቀለሙ ሽታ በደረጃው እየወጣ ስለሚገባ፣ ስለ ሱስ ሊማር የመጣው ሁሉ ሻይ ሰዓት ሳይደርስ ራሱን ያዞረዋል። «ትምህርቱ በተግባር የተደገፈ ነው ለካ» አለች ራዲዮ ገና ከመግባቷ። አሰልጣኟ ቀጭን፣ ባለ መነጽር፣ ድምፅዋ ከጉሮሮዋ ለመውጣት ፈቃድ የሚጠይቅ ወጣት ሴት ናት። ራዲዮ ወዲያው «ሹክሹክታ» ብላ ስም አወጣችላት፤ ስሙም እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ አዳራሹን አዳረሰው።

ሹክሹክታ ግን ድምፅዋ ቢያንስም ሐሳቧ አያንስም ነበር። መጀመሪያ «ሱሰኛ» አትበሉ አለች። ይሁን ተባለ። ቀጥላ «አይዞህ» ብላችሁ አትጀምሩ ስትል አዳራሹ አጉረመረመ።

«አይዞህ ካላልነው ታዲያ ለምን ተቀጠርን?» አለች ራዲዮ።

«አይዞህ የተባለ ሰው የሚመልሰው አንድ ቃል ነው፤ እሺ ይላል» አለች ሹክሹክታ። «እሺ ካለ በኋላ ሌላ አይናገርም። በሩን የዘጋንበት እኛ ነን ማለት ነው።»

ይህም ሳያንስ፣ እንዴት ነህ ተብሎ «አለሁ» የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ በዚያ አትለፉት አለች። አሁንስ በዛ።

«አለሁን ካልተቀበልን ምን ሊል ነው ታዲያ?» አለች ራዲዮ። «የለሁም ይበል?»

ሰዉ ሳቀ። ሹክሹክታም ፈገግ ብላ፣ «እሱንም ቢሆን የሚልበት ቦታ እንስጠው» አለች።

የራዲዮ ተጣማሪ ከሌላ ማገገሚያ የመጣ፣ ወንበሩን ሞልቶ የሚተርፍ ነርስ ነበር። ተማሪ ሳለ ቲያትር ይሠራ ነበር መሰለኝ፣ ታካሚ ሆነህ ተጫወት ሲሉት እንባው ይመጣል። የዝምታ ልምምድ ሲታዘዝ፣ ተፋጥጠው ተቀምጠው ደወሉ እስኪጮህ መናገር ክልክል ነው ተባለ። ራዲዮ ላብ አጠመቃት። የነርሱ ሆድ ጮኸና «ቁርስ አልበላህም እንዴ?» አለችው፤ ወደቀች።

ከሁሉ የከበዳት ግን ጥያቄው ነው። መጠጥ ያቆመ ሰው፣ በተለይ መጠጡ በለቀቀው ሰሞን፣ ኑሮው ባዶ ሆኖ ሊታየው ይችላል አለች ሹክሹክታ። ስለዚህ ምልክት ስታዩ ሳትሸፋፍኑ ጠይቁ፤ ራስህን ለማጥፋት አስበሃል ወይ በሉት፤ ልክ በዚህ ቃል።

«ሟርተኛ አደረግሽን እኮ!» አለች ራዲዮ። «ያላሰበውን ሰው እኛ ልናሳስበው ነው?»

«ያላሰበ ሰው አላሰብኩም ይላል» አለች ሹክሹክታ። «ያሰበው ግን የሚጠይቀው ሰው እስኪመጣለት ነው የሚጠብቀው።»

ራዲዮ አላመነችም። ልምምዱ ሲጀመር ወደ ነርሱ ጠጋ አለችና፣ «እንደው… ያ ነገር… ክፉ ክፉው ይታሰብሃል እንዴ?» አለችው።

«ክፉ ክፉው ማለት?»

«አለ አይደል… ያው… እህ…»

«አማቴን ማለትሽ ነው?» አለ ነርሱ።

በሰው ጓዳ ሁሉ ገብታ የምታወራዋ ሴት፣ ያ አንድ ቃል ጥርሷ ጋ ሲደርስ ተመልሶ ይዋጣል። ሌሊት አልጋዋ ላይ ሆና ብትሞክረውም አልወጣ አላት። ፈተናው ደረሰ።

በፈተናው ቀን ጠዋት በማገገሚያው በኩል አለፈች። ሰዓት ሠሪው ከውሃ ማጠራቀሚያው ሥር ባለው አግዳሚ ላይ ብቻውን ተቀምጧል። ከታካሚዎቹ ሁሉ «እርስዎ» የምትለው እሱን ብቻ ነው። ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ፣ የተዛባ ወንበር ሳያስተካክል የማያልፍ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነበር። መጠጥ ካቆመ ሰነባብቷል፤ ፊቱ ጠርቷል፣ ሐኪሙም ለጎብኚ ሁሉ እሱን ነው የሚያሳየው። እጁ ብቻ መንቀጥቀጡን አልተወም።

«እንዴት አደሩ?» አለችው።

«አለሁ።»

«ምነው ፊትዎ ጠቆረብኝ?»

ሰዓት ሠሪው የአግዳሚውን አቧራ በእጁ ጠረገ። «እትዬ፣ እኔ እኮ ብጠፋ ለሁሉም ይሻላል» አለ፤ ዝናብ ሊመጣ ነው የሚል ሰው ድምፅ ነበር።

ራዲዮ ቱግ አለች። «እንዴ! ይሄን ሁሉ ታግሠው፣ አሁን? ከዚህ ማንም አይጠፋም! እኔ እያለሁ? አይዞዎት፣ ያልፋል። የኔን ወንድም አላዩትም? እሱ እንደ እርስዎ…» ብላ የወንድሟን ታሪክ ከልደቱ ጀመረችው።

«እሺ» አለ ሰዓት ሠሪው።

የቤቱ ወግ የታወቀ ነው። ሊጠፋ ነው የተባለ ሰው ጫማው ይወሰድና የላስቲክ ነጠላ ጫማ ይሰጠዋል፤ በነጠላ ጫማ ያን አጥር የዘለለ የለምና። «ጫማዎን» አለችው። ጎንበስ ብሎ ክሩን መፍታት ጀመረ። ጊዜ ፈጀበት፤ ራዲዮ እየመከረችው ስለነበር አላየችም። ጫማዎቹን ጎን ለጎን አስተካክሎ ሰጣትና «አመሰግናለሁ እትዬ» አለ። መሳቢያዋ ውስጥ ቆለፈችባቸው። ስትወጣ ዘበኛውን ጠራችው።

«ሰዓት ሠሪው ሊጠፋ ነው። ዓይንህን ከበሩ እንዳትነቅል።»

«በዚህ በር?» አለ ዘበኛው ዱላውን ከግድግዳው እያነሳ። «ወፍ አትወጣም!»

አንድ ሰው ከመጥፋት አዳንኩ ብላ፣ ደረቷን ነፍታ፣ ተረከዘ ረጅም ጫማዋን እያንቋቋች ወደ ፈተናዋ ሄደች።

አዳራሹ ውስጥ ሁለት ወንበር መሐል ላይ ተቀምጧል። ነርሱ ታካሚ ነው፤ ምን እንደሚል በካርድ ተጽፎ ተሰጥቶታል። ሹክሹክታ እስክሪብቶዋን ይዛ ከጎን ተቀመጠች። ራዲዮ ምላሷን ለመግታት ጉንጯን ከውስጥ ነክሳ ይዛለች፤ አጀማመሯም መጥፎ አልነበረም። ነርሱ አንገቱን ደፋ፣ አፍንጫውን ሳበ፣ መሐረብ ፈለገ። ከዚያ በሚንቀጠቀጥ ድምፅ፣ «እኔ ብጠፋ ለሁሉም ይሻላል» አለ።

«ጫማህን አውልቅ!» አለች ራዲዮ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሁሉም ከእንዲህ ያለ ቤት የመጣ ስለሆነ ወጉን ያውቀዋል። አንዱ ከኋላ «ዘበኛውን ጥሩት!» አለ። ነርሱም የተዋጣለት ተዋናይ ነውና ጎንበስ ብሎ የምር ክሩን መፍታት ያዘ። ራዲዮም አብራ ሳቀች።

ያልሳቀችው ሹክሹክታ ብቻ ናት። «ጫማውን ወሰድሽበት እንበል» አለች። «የት ሊሄድ ነበር ያሰበው?»

«ወደ መጠጡ ነዋ! ሌላ የት ይሄዳል?»

«ወደ መጠጥ የሚሄድ ሰው ለሁሉም ይሻላል ይላል?»

ራዲዮ አፏን ከፈተች። ባሳለፈችው ዘመን አጥር የዘለሉትን ሁሉ በዓይነ ሕሊናዋ ጠራቻቸው። አንድ ብርጭቆ ብቻ ያሉ ነበሩ፣ ሚስቴ ናፈቀችኝ ያሉ ነበሩ፣ ልጄ ታሞ ነው ብለው የማሉ ነበሩ። ለሁሉም ይሻላል ያለ አልነበረም። ክው አለች።

«ሰዓት ሠሪው» አለች።

«የቱ ሰዓት ሠሪ?» አለ ነርሱ፣ አንድ እግሩ በካልሲ።

ቦርሳዋን አንስታ ተነሳች። «እትዬ፣ ፈተናው አላለቀም፤ አሁን ከወጣሽ…» አለች ሹክሹክታ።

«ጫማውን ስቀማው አመሰግናለሁ አለኝ እኮ!» አለች ራዲዮ፣ ከበሩ ወጥታ።

ደረጃው ላይ ሆና ስልክ ደወለች። ዘበኛው አነሳው።

«ሰዓት ሠሪው የት ነው?»

«አታስቢ፣ ከበሩ ንቅንቅ አላልኩም። ማንም አልጠፋም።»

«የት ነው አልኩህ!»

«ከውስጥ ነዋ። በኔ በር አላለፈም።»

«ሂድና አጠገቡ ተቀመጥ። አሁን!»

«በሩንስ ለማን ልተወው?»

«በሩ ገደል ይግባ! ክፈተውና ሂድ!»

በሥራ ዘመኑ እንዲህ ያለ ትእዛዝ ሰምቶ ስለማያውቅ ዘበኛው ሰከረች ብሎ ጠረጠረ። ግን ሄደ። ራዲዮ ጫማዋ አላስሮጥ ቢላት አውልቃ በእጇ ያዘችው። የሰው ጫማ የቀማች ሴት በባዶ እግሯ፣ በዚያ ሁሉ መንገደኛ መሐል፣ እያለከለከች ሮጠች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ተረት እየመጣባት «ዝም በል!» ትለዋለች፤ መንገደኛውም እሱን ያለችው እየመሰለው ገለል ይላል።

የግቢው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ታካሚዎች ደጃፉ ላይ ቆመው የተከፈተውን በር በጥርጣሬ ያዩታል፤ ወጥመድ ነው ብለው ማንም አልወጣም። ራዲዮ በመሐላቸው ሰንጥቃ ወደ መኝታ ክፍሉ ገባች። ሰዓት ሠሪው አልጋው ላይ ተቀምጧል። ዘበኛው ዱላውን ታቅፎ ከጎኑ ተለጥፏል፤ ስለ ጉልበቱ ሕመም እያወራለት ነበር፣ ሰዓት ሠሪውም ነጠላ ጫማውን አጋጥሞ በጨዋ ደንብ ያዳምጣል።

ራዲዮ በእጇ የያዘችውን ጫማ ወለሉ ላይ ጣለች። ፊት ለፊት ካለው አልጋ ላይ ተቀመጠች። ትንፋሽዋ እስኪመለስ ጠበቀች። ቃሉ እንደ ልማዱ ጥርሷ ጋ መጥቶ ቆመ። በዚህ ጊዜ አልዋጠችውም።

«ራስዎን ለማጥፋት አስበዋል?» አለችው።

«ኧረ አንቺ ሴትዮ!» ብሎ ዘበኛው ብድግ አለ። ሰዓት ሠሪው ግን አልደነገጠም። ትከሻው እንደሚወርድ ሸክም ዝቅ አለ። እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አየው።

«አዎ» አለ።

ራዲዮ አፍ ላይ «አይዞዎት» ተሰልፎ ነበር። ከኋላው «ያልፋል»፣ ከእሱ ኋላ የወንድሟ ታሪክ ከነሰርጉ። ምላሷን ነከሰችው። ፈርታ ነበር። ዝም ማለት እንዲህ እንደሚያስፈራ እስከዚያ ቀን አታውቅም፤ ለካ ዕድሜ ልኳን የምታወራው ይህን ላለመስማት ኖሯል። ዘበኛው ሊናገር ሲል በዓይኗ ገፍታ አስቀመጠችው።

«ልጄ ባለፈው ጠያቂ ቀን የእጅ ሰዓቷን ይዛ መጣች» አለ ሰዓት ሠሪው። «አባዬ ቆሞብኛል፣ ሥራልኝ አለች። ውሸቷን ነው። ልታበረታታኝ ብላ የጎኑን ቁልፍ ራሷ ስባ ነው ያቆመችው። መልሶ መጫን ብቻ ነበር እትዬ። ሕፃን ይጭነዋል። እጄ እምቢ አለ፤ ስሞክር፣ ስሞክር፣ ከእጄ ወደቀ። አንስታ ራሷ ጫነችው። አይዞህ አባዬ አለችኝ። እሺ አልኳት።»

ራዲዮ እንባዋ መጣ።

«ስጠጣ እኮ አይንቀጠቀጥም ነበር» አለ። «ብጠጣ ልጄን አጣለሁ። ካልጠጣሁ እጄን አጣሁ። ታዲያ መኖሬ ለማን ነው?»

ራዲዮን ምክር ሁሉ ከድቷት ሄዶ ነበር። «ከዚያስ?» አለች ብቻ። ሰዓት ሠሪውም ነገራት። የምሳ ደወል ተደውሎ አልፎ፣ ወጥ ቤቷ ሁለቴ በበሩ አንገቷን አስግጋ ተመልሳ፣ እሱ ገና ይናገር ነበር። ራዲዮ ሹክሹክታ ያስተማረቻቸውን የቀሩትን ጥያቄዎችም እየፈራች፣ አንዱንም ሳትዘል ጠየቀች። በመጨረሻ ሐኪሙን ትጠራ ዘንድ ፈቃዱን ለመነች፤ ፈቀደ። እስኪሻለው ብቻውን እንዳይሆን ተደረገ፤ ልጁም በእሱ ፈቃድ ተጠራች። ሐኪሙ ለመንቀጥቀጡ የሚረዳ መድኃኒት እንዳለ ነገረው፤ ለጎብኚ ሲያሳየው የከረመውን ሰው እጁን አንድ ቀን አይቼልህ አላውቅም ብሎም ይቅርታ ጠየቀው።

ሐኪሙ ይዞት ሊሄድ ሲል ራዲዮ ጫማውን ከመሳቢያዋ አምጥታ አስቀመጠችለት። ክሩን ልታስርለት ጎንበስ አለች።

«ይተዉት» አላት። «ራሴ አስረዋለሁ።»

ብዙ ፈጀበት። ጠበቀችው።

የፈተናው ውጤት ሲመጣ ከራዲዮ ስም ትይዩ «ፈተናውን አቋርጣ ጠፍታለች» ይላል። ዳይሬክተሩ ይህን ለመላው ሠራተኛ ጮክ ብሎ አነበበው፤ ሳቁ ግቢውን አናወጠው። ሹክሹክታ ራሷ መጥታ ደግማ እንድትፈተን ተከራክራላት ነበር፤ እስከዚያው ግን ደንብ ደንብ ነው ተብሎ ወደ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ተላከች። ሹክሹክታ ስትሰናበታት፣ «ጥያቄውን በደንብ ጠይቀሻል» አለቻት። «ጠዋት ብትጠይቂው ደግሞ ይሻል ነበር።»

በቤቱም አንዳንድ ነገር ተለወጠ። ጫማ መቀማት ቀረ። ዘበኛው ግን ነገሩን አጋነነው፤ በበሩ የሚገባውን ሁሉ አስቁሞ «ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?» ይል ጀመር። ዳቦ አቅራቢው ተናዶ መምጣቱን ሊተው ሲል ነው ዳይሬክተሩ የደረሰለት። የውሃ ቧንቧ ሠራተኛው ግን ተጠይቆ መሣሪያውን አስቀመጠና ከዘበኛው ጋር እስኪመሽ ተቀመጠ ይባላል።

ራዲዮ ለአንሶላዎቹ ስትመክር ከርማ በሚቀጥለው ዙር እንደገና ወደ ቀለም ቤቱ ፎቅ ወጣች። ምስክር ወረቀቷን ይዛ ስትመለስ፣ ሰዓት ሠሪው ከውሃ ማጠራቀሚያው ሥር ተቀምጦ አገኘችው። አሁን የሚያድረው በገዛ ቤቱ ነው፤ ለክትትል ነው የሚመጣው። ልጁ ጥቃቅኑን ብሎን እየያዘችለት ባትሪና ማሰሪያ ይቀይራል። የእጁ መንቀጥቀጥ ቀነሰለት እንጂ አልተወውም።

«ምነው ጠፉ እትዬ?» አላት ከመቀመጫው እየተነሳ።

«አለሁ» አለች ራዲዮ። «እርስዎስ?»

«አለሁ።»

በዚያ አላለፈችውም። ወረቀቷን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና አግዳሚው ላይ ከጎኑ ተቀመጠች፤ አልተናገረችም። ሰዓት ሠሪው እጁን አየ፣ ከዚያ በሩን አየ፤ በሩ ክፍት ነበር።

«ዛሬ አለሁ» አለ።

ራዲዮ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ወንድሟ ሳይጠራ ሰተት ብሎ ስለገባበት የሰሞኑ ሰርግ ታወራለት ጀመር።